ለመሸነፍ የምትጠራው ሴት

በቦክስ ዓለም ሁለት ዓይነት ሰው አለ፤ ፎቶው በትልቁ ፖስተር ላይ የሚወጣና ከፖስተሩ ግርጌ በትንንሽ ፊደል የሚጻፍ። ግድግዳ ከሁለተኞቹ ነበረች። ስሙን ያወጡላት የቦክስ ሰዎች ናቸው፤ የፈለገውን ያህል ቢደበድቧት ስለማትወድቅ። እሷም ለምዳው፣ «ግድግዳ!» ሲሏት «አቤት» ትል ነበር።

ሥራዋ የሚደበቅ አይደለም። የሆነ ከተማ ውስጥ ተስፋ የተጣለባት ወጣት ስትነሳ፣ የምትፈተንባት ተጋጣሚ ትፈለጋለች። ተጋጣሚዋ ልምድ ያላት፣ ቶሎ ወድቃ ተመልካቹን የማታበሳጭ፣ ግን ደግሞ የማታሸንፍ መሆን አለባት። ያኔ ስልክ ይደወላል። ግድግዳ በምትሠራበት ሆቴል ልብስ ማጠቢያ ክፍል አንሶላ እያጠፈች ታነሳለች፣ ፈረቃዋን ትለዋወጣለች፣ ሄዳ በሰው አዳራሽ፣ በሰው ጭብጨባ መሃል ትጋጠማለች። ከዚያ በነጥብ ተሸንፋ ትመለሳለች። «ተሸነፊ» ያላት ሰው ኖሮ አያውቅም፤ በዚህ እንዳታሟት። ግን ዙሩ ተቀራራቢ ከሆነ ነጥቡ ለቤት ልጅ፣ ለከተማው ተወላጅ፣ እንደሚሰጥ ለማወቅ ነጋሪ አያሻትም። መጀመሪያ ሰሞን አልቅሳለች፣ ከዳኞች ጋር ተጨቃጭቃለች። ኋላ ግን ውሃ ቢወቅጡት መልሶ እንቦጭ ነው ብላ ተወችው።

ከተወችው ወዲያ ሌላ ሙያ አወጣች። ወጣቶቹን ማስተማር ጀመረች፤ ያውም እየተመታች። ልጅቷ ስትደክም እቅፍ አድርጋ ታሳርፋታለች፤ ደንገጥ ስትል ዓይኗ እስኪጠራ ይዛ ታቆያታለች። ስንቶቹ በእጇ አልፈው ሻምፒዮን ሆኑ። በዚህ በልቧ ትኮራ ነበር፤ እኔን ከጠየቃችሁኝ ግን በሽታዋ ይኸው ነበር።

ዘንድሮ ፌዴሬሽኑ ወሰነ፤ ሽንፈት የተደራረበበት ቦክሰኛ ለጤናው ሲባል ፈቃዱን ይነጠቃል። ግድግዳ ፈቃዷን ለመነጠቅ የቀራት አንዲት ሽንፈት ብቻ ነበር፤ ዛሬ ከተሸነፈች አበቃላት። ተጋጣሚዋ ደግሞ መብረቅ የሚሏት፣ እግሯ መሬት የማይነካ የሚመስል፣ እስካሁን ማንም ያላሸነፋት ልጅ ናት። ግጥሚያው በልጅቷ ከተማ ነው፤ ከተማው በፎቶዋ ተሸፍኗል።

ለግድግዳ ልብስ መቀየሪያ ብለው የሰጧት የወንበር መጋዘን ነበር። ታላቅ እህቷ የተደራረቡትን ወንበሮች ወደ ጥግ እየገፋች ታጉረመርማለች። ይህች እህት መጋረጃ ሰፊ ናት፤ እናታቸው ከሞተች ጀምሮ ያሳደገቻት እሷ ናት፤ በየግጥሚያው ውሃና ባልዲ ይዛ ከገመዱ ሥር የምትቆመውም እሷው ናት። ምላሷ ከመቀሷ ይብሳል።

«ዛሬ ከተሸነፍሽ አበቃ። ሰምተሻል?»

«ሰምቻለሁ እትዬ።»

«በነጥብ አሸንፋለሁ ብለሽ ደግሞ እንዳታስቢ። እዚህ ቤት በነጥብ የምታሸንፊው ዳኞቹ ከተኙ ነው።»

«ቢተኙም በእንቅልፍ ልባቸው ለልጅቷ ይሰጣሉ» አሉ አሰልጣኙ፣ የግድግዳን እጅ በፋሻ እየጠቀለሉ። ሽማግሌ ናቸው፤ ወሬ አያበዙም።

«እና ምን ላድርግ ጋሼ?»

«በዝረራ ነዋ። ልጅቷ ስትደክም ቀኝ ክርኗን ታነሳለች። ጎኗ ባዶ ይቀራል።»

«አይቻለሁ። ግን እኔ ሰው ጥዬ አላውቅም።»

«ሰውም አንቺን ጥሎሽ አያውቅም» አለች እህቷ። «ዛሬ አንዱ ይጀመራ!»

ግድግዳ ሳቀች፤ ሆዷ ግን አልሳቀም። ፈርታ ነበር። ዱላ አልነበረም የፈራችው፤ ዱላማ የዕለት ጉርሷ ነው። የፈራችው ነገ ጠዋት ነበር። ፈቃዷን ተነጥቃ ልብስ ማጠቢያው ክፍል ስትገባ፣ አፍንጫዋ የተሰበረ አንሶላ አጣፊ ብቻ ሆና መቅረቷን ነበር። ቦክሰኛ ነኝ ብላ ኖራ፣ ቦክሰኛ ሳትሆን እንዳታልቅ።

ግጥሚያው ስድስት ዙር ነው። በመጀመሪያዎቹ መብረቅ እንደ ስሟ ሆነች፤ መታ ታደርግና የለችም። አዳራሹ በእያንዳንዱ ቡጢ ይጮኻል፤ ቡጢው ክንድ ላይ ያርፍ ጓንት ላይ፣ ለአዳራሹ ግድ የለውም። ግድግዳ አገጯን ደብቃ፣ ቀስ እያለች ልጅቷን ወደ ገመዱ ስትገፋ ቆየች። ቸኩላ አታውቅም። አራተኛው ዙር ላይ የልጅቷ እግር መሬት መንካት ጀመረ።

አምስተኛው ሊያልቅ ሲል ክርኗ ተነሳ። ግድግዳ ግራ እጇን ከጎድን አጥንቷ ሥር አስገባች። ልጅቷ «እህ» አለች፤ ትንፋሿ ተቆረጠ፤ ጉልበቷ ታጠፈ። ወዲያው ደወሉ ተደወለ። አዳራሹ ምንም አላየም። ግድግዳም ደስ ብሏት ወደ ጥጓ መጥታ ተቀመጠች።

እህቷ ባልዲውን ጣለችው።

«ምን ማድረግሽ ነው?»

«መታኋት እኮ!»

«መታሻት፤ ከዚያ ያዝሻት! በብብቷ ገብተሽ ደግፈሽ አቆምሻት!»

«እኔ?»

«አይ፣ እኔ ነኛ! ወድቃ ነበር እኮ! አንቺን ያሳደግኩት ለሰው ልጅ ምርኩዝ እንድትሆኚ ነው?» አለችና እንባዋ መጣ፤ ይህች እህት ስታለቅስ ያየ ሰው የለም።

ግድግዳ ክንዶቿን አየቻቸው። እውነት ነው፤ ይዛታለች። አመል ያወጣል ከመሃል የሚሉት ይህንን ነው። የያዘቻት መሆኗን እንኳ አላወቀችም ነበር፤ በዚህ ይበልጥ ደነገጠች።

አሰልጣኙ ጎንበስ ብለው ፊቷን ጠረጉላት። «ስሚኝ ልጄ። ያችን ልጅ የሚይዛት ሰው ሞልቷል። ያውና ሐኪሟ፣ ያውና ወንድሞቿ፣ ያውና አዳራሹ በሙሉ። የአንቺ ሥራ መያዝ አይደለም።»

ደወሉ ተደወለ።

ግድግዳ በመጨረሻው ዙር ካፈርኩ አይመልሰኝ ብላ ገባች። ተሸፋፍና መጠበቁን ተወችው። ሁለት ቀምሳ አንድ ሰጠች፤ አንድ ቀምሳ ሁለት ሰጠች። ተመልካቹ በስንት ዘመኑ ዝም ብሎ ማየት ጀመረ። መብረቅም ልበ ሙሉ ልጅ ናት፤ አልሸሸችም። ግን አየር አጥሯት ነበርና ክርኗ እንደገና ከፍ አለ፤ ያችው ግራ እጅም እንደገና ገባች።

ልጅቷ ወደ ፊት መጣች። እጆቿን ዘርግታ የምትይዘው ነገር ፈለገች። የግድግዳ ክንዶችም ማንንም ሳያስፈቅዱ ተከፈቱ።

ያን ጊዜ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለች።

ይህች እርምጃ ቀላል እንዳትመስላችሁ። በሕይወቷ ከሰነዘረችው ቡጢ ሁሉ የከበደቻት እሷ ናት። መብረቅ በባዶው አልፋ በጉልበቷ፣ ከዚያ በእጇ ወረደች። ዳኛው ግድግዳን ወደ ጥግ ልኮ መቁጠር ጀመረ። ልጅቷ ስድስት ሲል ራሷን ቀና አደረገች፤ ስምንት ሲል ገመዱን ያዘች፤ አሥር ሲል ግን ገና በአንድ ጉልበቷ ነበረች።

በአዳራሹ የተሰማው የአንዲት መጋረጃ ሰፊ እልልታ ብቻ ነበር። ቀጥሎ ከኋላ አንድ ሰው አጨበጨበ፣ ሌላውም ተከተለ፤ ለካ ሰው የሚያጨበጭበው ለቤት ልጅ ብቻ አይደለም። ዳኛው እጇን ወደ ላይ ሲያነሳው ግድግዳ እንደ ሕፃን ተንሰቅስቃ አለቀሰች። ደስ አላት፤ አንጀቷ ቅቤ ጠጣ። እህቷ በገመዱ መሃል ሾልካ ገብታ አንገቷ ላይ ተጠመጠመች። አሰልጣኙ የወደቀውን ባልዲ አንስተው፣ የት እንደሚያስቀምጡት ግራ ገብቷቸው አቅፈውት ቆሙ።

ወንበር መጋዘኑ ውስጥ ፋሻዋን እየፈታች ሳለ በሩ ተንኳኳ። መብረቅ ነበረች፤ ጎኗን ይዛለች፣ ዓይኗ ቀልቷል።

«እትዬ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ?»

«ግቢ የኔ እናት። ተቀመጪ፤ ወንበር እንደሆነ እዚህ ሞልቷል።»

«ቅድም ልወድቅ ስል ያዝሽኝ። ማንም ባያይ እኔ አውቃለሁ። ኋላ ግን ለቀቅሽኝ። ለምንድን ነው?»

ግድግዳ የይቅርታ ቃል ፈለገች። ብትፈልግ ብትፈልግ አጣችው።

«ላሸንፍሽ ነዋ!» አለች።

ልጅቷ መጀመሪያ ፈዛ አየቻት፣ ከዚያ ሳቋ አመለጣት፤ ሳቁ ጎኗን ሲወጋት ደግሞ «ወይኔ፣ አታስቂኝ» አለች። አሰልጣኙም ሳቁ። ልጅቷ ለመውጣት በሩን ይዛ ዞር አለች።

«እንደገና እንጋጠማለን አይደል? ቂም እንዳይመስልሽ፣ ልማርበት ነው።»

«እንጋጠማለን» አለች ግድግዳ። «ግን በሚቀጥለው ወደ እኔ ከተማ የምትመጪው አንቺ ነሽ።»