የተገለበጠው ድንጋይ

አያት ኤንሳንግን የሚሰማ ጠፋ። ዕድሜዋን ሙሉ፣ ባሕሩ ሲሸሽ ከዓለቱ ላይ ቀንድ አውጣ እየለቀመች ልጆች ያሳደገችውን ሴት፣ ከማኒላ ለሽርሽር የመጣው የልጅ ልጇ ባል ሮዴል «ተረት ነው» ይላታል!

ያለችው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ «ባሕሩ ሲሸሽ ዓለቱ ላይ በሚቀረው ኩሬ ውስጥ ድንጋይ ከገለበጥክ መልሰህ ክደነው። የቤት ጣሪያ ነው።»

«የማን ቤት፣ እማማ? የሸርጣን?» ብሎ ሳቀ። የባሕር ኮከብ የሚሉትን ፍጥረት ሊያይ አንዱን ድንጋይ ገለበጠና እንዲሁ ትቶት ሄደ። ነፍሰ ጡሯ ሚስቱ ሊጋያም አብራው ሳቀች።

ሦስቱም ወደ ቤት ሲመለሱ ሸርጣኖቹ ሁሉ ከየዓለቱ ስንጥቅ ወጥተው፣ ፊታቸውን ወደ ሮዴል አዙረው ቆመዋል። አሮጊቷ ወደ ኋላ ዞር አለች። በደረቁ ዓለት ላይ እርጥብ የሕፃን ዱካ ሮዴልን ይከተላል፤ እሱ ሲቆም ይቆማል፤ ሕፃን ግን የለም። ሊጋያም አየችውና ሆዷን በሁለት እጇ ያዘች።

«እማማ፣ ምን ፈልጎ ነው?»

«ቤት ነዋ! የራሱን አፍርሳችሁበት የት ይደር? ሞቃት ቤት ደግሞ ይኸው አይቷል» አለች፣ የሊጋያን ሆድ እያየች።

ከዚያ ሮዴል ፊት ተገተረች።

«ባሕሩ ሳይመለስ ሂድና ድንጋዩን እንደነበረው ክደነው፤ ይቅርታም ጠይቅ። እስከዚያ የኔን ደጃፍ እንዳትረግጥ!»