የቻይነሽ በሽተኛ

ፋና ለትምህርት ወደ ፍኖተ ሰላም ስትሄድ ለእናቷ ለቻይነሽ አደራ ያለችው ነጩን እርግቧን ብቻ ነው። «እማ፣ እሱ ከሞተ ቡሬን አልረግጣትም!» ብላ ተሳፈረች። ቻይነሽም ከዚያ ወዲህ ልቧ አላረፈም።

ሰኞ ዕለት እርግቡን ዶፍ ዝናብ ደበደበው። ማክሰኞ ላባውን ነፍቶ ጥግ ያዘ። ቻይነሽ ብርድ ነው አለችና እንደ አራስ፣ ማድቤት ምድጃው አጠገብ አስተኛችው። የጎልማሶች ትምህርት መምህሯ «ቤታችሁ ያያችሁትን በየቀኑ ጻፉ» ብላ ነበርና ያየችውን ሁሉ ደብተሯ ላይ አሰፈረች። ሐሙስ በሽተኛውን ጥላ መሄድ ስላልሆነላት ደብተሩን በጎረቤቷ በእንቁ ላከችው።

መምህሯ ደብተሩን ከመካከል ገልጣ ለክፍሉ አነበበች፦ «ረቡዕ። ዛሬም አልበላም። ጥግ ይዞ ያንቀላፋል። ተቅማጡ አረንጓዴ ነው። አተነፋፈሱ ያሳዝናል። እግዜር ይማርልኝ።»

እንቁ ጉንጯን ይዛ፣ «ውይ ባሏ! ትናንት እንኳ በሬ ሲነዱ አይቻቸው ነበር» አለች።

ዓርብ ጧት ጠያቂው ዳቦና ተልባ ይዞ ግቢውን ሞላው። የቻይነሽ ባል ቻላቸው እንጨት እየፈለጠ ነበር።

«ጋሼ ቻላቸው፣ ይማርዎ! እንዲህ ሆነው ይፈልጣሉ እንዴ?» አለች እንቁ።

«ምን ሆኜ?»

«አይደብቁን። አረንጓዴ ነው አሉ።»

«ምኑ?»

እንቁ በነጠላዋ አፏን ሸፈነች።

ቻይነሽ ጫጫታውን ሰምታ እርግቡን በሻሽ ጠቅልላ ወጣች። «ኧረ በሽተኛው ይኸውላችሁ!»

ግቢው በሳቅ ፈረሰ። ከጠያቂዎቹ ጋር የመጣው የእንስሳት ጤና ባለሙያው ደሞዝ ግን አልሳቀም። እርግቡን ተቀብሎ ደረቱን ዳበሰው።

«ጅራቱን ይዩት፣ እትዬ ቻይነሽ። ከትንፋሹ ጋር ከፍ ዝቅ ይላል። የት ነው ያስተኙት?»

«ምድጃ አጠገብ፤ እንዲሞቀው።»

«ሙቀቱስ ደግ ነበር። ጭሱ ነው የሚገድለው። የወፍ ሳንባ ጭስ አይችልም።»

ቻይነሽ እንባዋ መጣ። «በገዛ እጄ ልጨርሰው ነው!»

«ገና ነው። ዋናው ቤት ያስገቡት። ውሃውን ጧት ማታ ይለውጡ፤ ከዶሮዎቹም ይለዩት፣ ተላላፊ ሊሆን ይችላል። ከነኩት በኋላ እጅዎን ይታጠቡ። መድኃኒቱን እኔ አመጣለሁ። ደግሞ ዕረፍት ይፈልጋል፤ የሚያስደነግጠው ድምፅ እንዳይኖር።»

ቻይነሽ ቀስ ብላ ዞረችና ባሏን አየችው። የቻላቸው ማንኮራፋት እስከ አስፋልቱ ድረስ ይሰማል።

«ምን ታይኛለሽ?» አላት።

እሑድ ፋና ደወለች።

«እማ፣ እርግቤ ደህና ነው?»

«ታሞ ነበር፤ ዛሬ ግን ማሽላ በላ! ሰባት ፍሬ፣ ቆጥሬዋለሁ። ላባውንም ሰብስቧል።»

«እሰይ! አባዬስ?»

«አባትሽ ማድቤት ነው የሚያድረው። ትንሽ ያስለዋል» አለች ቻይነሽ፣ ዐይኗን ከእርግቡ ሳትነቅል። «እሱ እንኳ ምግብ አላቋረጠም።»