ለማመስገን ያልተጠራች እህት

ታናሽየዋ በሩን ስትከፍት ታላቅ እህቷ ሲኒና የሻይ ማንኪያ ይዛ ቆማለች።

«ስኳር የለም፣ እትዬ» አለች ታናሽየዋ፣ ዐይኗን ከታቀፈችው ልጇ ሳትነቅል። «ከሱቅ አስመጪ።»

«ስኳር ማን ጠየቀሽ?»

«ታዲያ ሲኒው ምንድነው?»

«ለልጁ ነው» አለች ታላቅየዋ፤ ግቢ እስክትባል ሳትጠብቅ ገብታ ውሃ ጣደች።

ታናሽየዋ ለመቆጣት እንኳ አቅም አልነበራትም። ትኩሳት ከጣላት ወዲህ ጡቷ ነጥፏል። ልጁ ደግሞ የዱቄት ወተት በጡጦ ሲያስጠጉለት ፊቱን ያዞራል፤ ጎማው ምላሱን ሲነካው ያቅለሸልሸዋል። ሐኪሟ ጠዋት አይታው፣ «እስከ ማታ ካልጠጣ ይዘሽው ነይ፤ ግሉኮስ እንሰካለታለን» ብላታለች። አሁን ፀሐይዋ ከመስኮቱ ወርዳ ወለሉ ላይ ተኝታለች። እናትየዋን ያስፈራት ለቅሶው አልነበረም። ማልቀሱን መተዉ ነበር።

ይህን ልጅ እግዚአብሔርን ለምና ለምና ነው ያገኘችው። ሌላው ሰው ሁሉ ተስፋ ቆርጦ ሲተዋት፣ ታላቅየዋ አብራት ተንበርክካ፣ አብራት አልቅሳ ለምናለች። በኋላ ሁለቱም በተቀራረበ ጊዜ ወለዱ። የታላቅየዋ ወተት ብዙም ሳይቆይ ደረቀ፤ የታናሽየዋ ግን ልብሷን አልፎ ይወርድ ነበር። አብረው በሚሠሩበት ስፌት ቤት ያሉት ሴቶች «ምንጯ» የሚል ስም አወጡላት። ስሙን ወደደችው። ውላ አድራም በራሷ ጥረት ያገኘችው ማዕረግ መሰላት።

«ምን ብትበዪ ነው?» ሲሏት፣ «የምግብ ጉዳይ አይደለም፤ ሰውነት ነው። አንዳንዱ ጡት ሰነፍ ነው» ትላለች፣ ታላቅየዋ ከአጠገቧ የስፌት መኪናው ላይ አቀርቅራ እየሰፋች።

አንድ ቀን መታጠቢያ ክፍሉ ውስጥ ወተቷን ብርጭቆ ሙሉ አልባ ከፍ አድርጋ አሳየቻቸው። «ይኸው! ለሰፈሩ ሁሉ ይተርፋል!» ሴቶቹ ሳቁ። ከዚያ ወተቱን ማጠቢያው ላይ ደፋችው። ቀና ስትል መስታወቱ ውስጥ የእህቷን ፊት አየች። ብርጭቆዋን አለቅልቃ ወጣች።

«ቁጭ አድርገሽ ያዢው» አለች ታላቅየዋ፣ ሲኒውን በፈላ ውሃ አጥባ የዱቄት ወተቱን እየበጠበጠች። «እንዳታጋድሚው፣ ትን ይለዋል። ጠርዙን ከንፈሩ ላይ ብቻ አሳርፊው። አፉ ውስጥ እንዳታፈሺ፤ ራሱ ይላሰው።»

«ይሄን የሚያህል ሕፃን በሲኒ ይጠጣል?»

«የእኔው ምን ጠጥቶ ያደገ መሰለሽ? ነፋስ?»

ታናሽየዋ ሲኒውን ከንፈሩ ላይ አሳረፈች። የመጀመሪያው በአገጩ ወርዶ አንገቱ ሥር ገባ። ቀጥሎ ያለውም እንዲሁ።

«እምቢ አለኝ፣ እትዬ። ሊሞትብኝ ነው።»

«ዝም ብለሽ ያዢ።»

«የእጄን ነው ያገኘሁት። ያን ቀን ማጠቢያው ጋ... አይተሽኝ ነበር አይደል?»

ታላቅየዋ የልጁን አንገት በጨርቅ ጠረገች። «አይቼሻለሁ። ቤት የእኔ ልጅ ጦሙን ነበር የዋለው፤ የዱቄት ወተት ከየሱቁ ጠፍቶ።»

«ለምን አልጠየቅሽኝም?»

«ሰነፍ ጡት ምን አፍ አለው?»

ታናሽየዋ ልጇን ጠበቅ አድርጋ ያዘች። «በእኔ ትዕቢት እግዚአብሔር ልጄን ሊወስድብኝ ነው?» አለች።

«እሱን እንዲህ አታሳንሺው! እግዚአብሔር ሕፃን ላይ ቂሙን አይወጣም። ትኩሳት ያዘሽ፣ ወተትሽ ደረቀ፣ በቃ። እኔን የከነከነኝ ሌላ ነው። ስትለምኚ ጠራሽኝ፤ መጣሁ። ለማመስገን ግን አልጠራሽኝም።»

«አመስግኜ ቢሆን አይደል የምጠራሽ!» አለች ታናሽየዋ። ያለችው ነገር የገባት ከአፏ ከወጣ በኋላ ነው።

ከዚያ ሞከረች። «ጌታዬ፣ ስለ ሰጠኸኝ...» ብላ ቆመች። የሰጣት ሁሉ ሲኖር አንድም ቀን ያላለችው ቃል፣ አሁን ጡቷ ባዶ ሆኖ፣ ልጇ እንደ ጨርቅ ክንዷ ላይ ተዝለፍልፎ፣ አልወጣ አላት። ታላቅየዋ እጇን ከእጇ ሥር አስገብታ ሲኒውን ደገፈችላት። «በይ፣ ጨርሺው» አለቻት ቀስ ብላ።

«...ስለ ሰጠኸኝ አመሰግንሃለሁ። ስለ ልጄ። ስለ እሷም።»

የልጁ ምላስ ወጣ። የሲኒውን ጠርዝ ነካ፤ ተመለሰ፤ ደግሞ ወጣ።

«እትዬ!»

«እሽሽ! አታስደንግጪው።»

ከዋጠው ጨርቁ ላይ የፈሰሰው ይበዛ ነበር። እየደጋገሙ ሞሉለት። መሽቶ መብራት ሲያበሩ ዳይፐሩ ርሶ አገኙት፤ ወተቱ ገብቶለታል፤ ሐኪም ቤት አልሄዱም።

ወተቷ በማግስቱም አልተመለሰም። ታላቅየዋ ወደ ሥራ ከመሄዷ በፊት ሲኒዋን ይዛ ስትመጣ በሩ ተከፍቶ ጠበቃት፤ ሁለቱ እህትማማቾች መጀመሪያ ተንበረከኩ፣ ከዚያ ልጁን አጠጡት።