ለመዝጋቢዎች የተሰናዳ ቤት

የእማማ ጽጌን ቤት ግድግዳ የቀባሁት እኔ ነኝ። ኋላ የመጣው ጣጣ ግማሹ ከዚያ ስለተነሳ ይህን ቀድሜ ልናገር።

እማማ ጽጌ የአባቴ አክስት ናቸው። ሰባ አራት ዓመታቸው ነው። ሐረር፣ ጀጎል ግንብ ውስጥ፣ ከመድኃኔዓለም ቤተ ክርስቲያን ዝቅ ብሎ ባለ ቀጭን መንገድ ላይ፣ አንድ ክፍል የቀበሌ ቤት አላቸው። አርባ ዓመት ያህል የተማሪ ዩኒፎርም እየሰፉ ኖረዋል። በራሳቸው እጅ ሠርተው ያደሩ ናቸውና ጡረታ የላቸውም። ባላቸውም የሰው መኪና ሲነዱ ኖረው ስለሞቱ ለሚስት የሚተርፍ ጡረታ አልተዉም። ልጅ አልወለዱም። ሁለቱም ዓይናቸው ላይ ሞራ ከወጣ ወዲህ ደግሞ ክር ከመርፌ ማገናኘት ስላቃታቸው ስፌቱም ቀረ።

እኔ ከፖላንድ የተመለስኩት መስከረም ላይ ነው። ስድስት ዓመት ተምሬ፣ መንግሥት ለአረጋውያን ስለሚያደርገው ድጋፍ አንድ መቶ አርባ ገጽ መመረቂያ ጽፌ መጣሁ። ልቆይ ወይስ ልሂድ የሚለውን ስላልቆረጥኩ ከሸዋ በር እስከ ጊደር መጋላ ገበያ በእግሬ ስመላለስ እውል ነበር። የጻፍኩት ነገር እዚህ ለአንድ ሰው ይጠቅም እንደሆነም አላውቅም ነበር።

ኅዳር ላይ እማማ ጽጌን ዓይን ሐኪም ዘንድ ወሰድኳቸው። ሐኪሙ ሞራው በቀላል ቀዶ ሕክምና እንደሚወጣ ነገረን። «ግን ከቆየ እየጠነከረ ይሄዳል። የጤና መድን ካርድ አላቸው?» አለኝ።

አልነበራቸውም። መዋጮውን ከፍለው አያውቁም። በቀበሌው ስጠይቅ ግን ጥሩ ወሬ አገኘሁ፤ በመንግሥት የሴፍቲኔት ድጋፍ ሠርተው ማደር የማይችሉ አረጋውያን ለቋሚ ቀጥታ ድጋፍ ሊመዘገቡ ነው። ስሙ የገባለት ሰው በየወሩ ድጋፍ ያገኛል፣ የጤና መድን መዋጮውንም መንግሥት ይሸፍንለታል። ዘንድሮ ያመለጠው የሚቀጥለው ምዝገባ መቼ እንደሆነ የሚነግረው የለም። መዝጋቢዎቹ ሐሙስ ቤት ለቤት ይዞራሉ።

ሮጬ ሄጄ ነገርኳቸው።

«ሐሙስ ሰዎች ይመጣሉ፤ ኑሮዎን አይተው ይመዘግቡዎታል።»

«ስንት ሰው?»

«ሦስት።»

«ሦስት እንግዳ!» አሉና ወደ ግድግዳው ዞሩ። «በዚህ ቤት? በዚህ ግድግዳ? ብሌን፣ አንቺ ልጅ ዛሬ ምን ቀን ነው?»

ከዚያ በኋላ የተናገርኩትን የሰሙኝ አይመስለኝም። እኔም፣ እውነቱን ለመናገር፣ ብዙ አልተናገርኩም። ሲደሰቱ ሳይ ደስ አለኝ። ጥሩ አረንጓዴ ቀለም ገዝቼ ግድግዳውን ሁለት ጊዜ ቀባሁት።

በዚያ ሰፈር እንግዳ ሲመጣ እቃ ከቤት ቤት ይዞራል። ለሰርግም፣ ለለቅሶም፣ ለድንገተኛ ዘመድም እንዲሁ ነው። ያዋሰ ሰው ግን «የእኔ ነው» አይልም። እንግዳው ከሄደ በኋላ እንኳ አያነሳውም፤ ነውር ነው። ጎረቤታቸው ሳዳ አንድ ቀን እማማ ጽጌ ቤት በራሷ ምንጣፍ ላይ ተቀምጣ «እንዴት ያለ ምንጣፍ ነው፣ ማሻአላህ!» ስትል በጆሮዬ ሰምቻታለሁ።

ረቡዕ ማታ ያ ምንጣፍ መጣ። ከሳዳ ቤት ቴሌቪዥን ተከተለው። መኪና ግርግር በሚባለው የልብስ ሰፊዎች መንገድ የሚሰፋው ጎረቤታችን ሐምዛ ወርቅማ ዘርፍ ያለው መጋረጃ ይዞ መጥቶ ራሱ ሰቀለው። ሳዳና ጓደኞቿ ለሐዘንና ለደስታ ከሚረዳዱበት ከአፎቻቸው ደግሞ አበባ ያለባቸው ብርጭቆዎች መጡ። ሐሙስ ጠዋት ቤቱ የሙሽራ ቤት መስሎ ነበር።

መዝጋቢዎቹ መጡ። የምትጽፈው ሣራ የምትባል፣ ታብሌት የያዘች ሴት ነበረች። እማማ ጽጌ ሻይ በብርጭቆ፣ ሐላዋ በሳህን አቀረቡ፤ ካልበላችሁ ብለው ማሉባቸው። ሣራ እየበላች ታብሌቷን በጣቷ ትነካካ ነበር። ቴሌቪዥን፣ አለ። ምንጣፍ፣ አለ። ግድግዳ፣ ታድሷል። የቴሌቪዥኑ ገመድ ሳይሰካ መሬት ላይ እንደተጠቀለለ ነበር፤ እሷም አላየችው፣ እኔም አላሳየኋት።

«ችግር አለብዎት እማማ?» አለቻቸው።

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ ምን ጎደለብኝ? ይልቅ ሐላዋውን ጨምሪ።»

ያን ጊዜ መናገር ነበረብኝ። ፊታቸው ላይ ያለው ኩራት አፌን ያዘው። መዝጋቢዎቹ ራሳቸው ይገባቸዋል ብዬ ተውኩት።

በሁለተኛው ሳምንት የስም ዝርዝሩ ቀበሌው በር ላይ ተለጠፈ። ሁለት ጊዜ አነበብኩት። የእማማ ጽጌ ስም የለም።

ቅሬታ የሚሰማ ኮሚቴ ስላለ ስድስት ገጽ ማመልከቻ ጻፍኩ። አንቀጽ ጠቀስኩ፣ ሰንጠረዥ ጨመርኩ። እማማ ጽጌ ግን ቁርጥ ያለ ነገር ተናገሩኝ። «ዓይኔን አስታውሺ፣ ዕድሜዬን አስታውሺ። የሰው እቃ ነበር ብለሽ በአደባባይ ብታዋርጂኝ ግን አብሬሽ አልቆምም።»

«እሱን ካልተናገርን በምን እናሳምናቸዋለን?»

«የተማርሽው አንቺ ነሽ።»

ቅሬታው የሚሰማው በቀበሌው አዳራሽ፣ ሰው በተሰበሰበበት ነው። ሰብሳቢው አቶ እንደሻው ናቸው፤ ከጎጃም ለመምህርነት ተመድበው መጥተው ሐረር ላይ ጡረታ የወጡ፣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው መልሰው የሚፈልጉ ሰው። ሣራ ታብሌቷን ይዛ አጠገባቸው ተቀምጣለች። ጎረቤቱ ሁሉ መጥቷል። ሳዳም፣ ሐምዛም፣ የአፎቻው ሴቶችም አሉ።

አቶ እንደሻው ማመልከቻዬን እስከ ሦስተኛው ገጽ አነበቡና አስቀመጡት።

«የኔ ልጅ፣ ጽሑፉ ግሩም ነው። ተማሪዬ ብትሆኚ አሥር ከአሥር እሰጥሽ ነበር። ግን ቴሌቪዥኑስ?»

እማማ ጽጌን አየኋቸው። ነጠላቸውን እስከ ግንባራቸው ስበው መሬት መሬት ያያሉ።

«የእሳቸው አይደለም» አልኩ።

ነጠላው ንቅንቅ ሲል አየሁ።

«የማን ነው?»

«የተዋሰ ነው።»

«አንቺ ዘመድ ነሽ። የዘመድ ቃል አንቆጥርም፤ ጎረቤት ይመስክር።» ወደ ሕዝቡ ዞሩ። «የማን ቴሌቪዥን ነው?»

ሳዳ ጣቷ ላይ ያለውን ሂና መመርመር ጀመረች።

«ሳዳ፣ ጎረቤት ነሽ አሉ።»

«ነኝ።»

«ቴሌቪዥኑ የማን ነው?»

«እኔ ምን አውቃለሁ? በቤታቸው ካዩት የቤቱ ነዋ» አለች። ይባስ ብላ ቀጠለች። «አቦ፣ እትዬ ጽጌ ምን ጎድሏቸው ያውቃል? ቤታቸው ገብቶ ሳይበላ የወጣ ሰው አለ?»

ራሴን ያዝኩ። ሐምዛ ደግሞ ሊያግዝ ተነሳ።

«መጋረጃው የራሳቸው ነው! እኔ ነኝ የሰፋሁላቸው። በወርቅማ ዘርፍ! እንዲህ ያለ መጋረጃ አዲስ አበባም የለም።»

«እሺ» አሉ አቶ እንደሻው ብዕራቸውን እያነሱ። «እንግዲህ መጋረጃውም…»

«ሐምዛ!»

እማማ ጽጌ ቆመው ነበር። እጃቸው የወንበሩን መደገፊያ ይፈልግ ነበርና ሄጄ ያዝኳቸው። እጄን ግን ቀስ ብለው ገፉት።

«አንተ ልጅ፣ የሽንት ጨርቅህን እንኳ የሰፋሁልህ እኔ ነኝ። እኔን ለማክበር ብለህ ትዋሻለህ?»

«እማማ፣ እኔ እኮ…»

«ተቀመጥ።» ድምፁ ወደሚመጣበት፣ ወደ አቶ እንደሻው አቅጣጫ ዞሩ። «ጌታዬ፣ እርስዎን አላይዎትም። ጥቁር ነገር ቆሞ ነው የሚታየኝ። ይህች ሳዳ አብሬያት የምስቅና የማለቅስ ልጄ ናት፤ ፊቷን ካየሁት ዓመት አለፈኝ። ቤቴ እንግዳ ሲመጣ ባዶ እንዳይሆን ብዬ ነው ያንን ሁሉ ያደረግሁት። ሰዎቹ የሚመጡት ባዶነቱን ሊያዩ እንደሆነ አልገባኝም። ገብቶኝም ከሆነ እምቢ ብያለሁ።» ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ። «ሳዳ፣ ፈቅጄልሻለሁ። ተናገሪ።»

«እትዬ… ይህ ሁሉ ሰው ባለበት?»

«ይህ ሁሉ ሰው ባለበት።»

ሳዳ ተነሳች። መጀመሪያ በሹክሹክታ፣ ቀጥሎ በሙሉ ድምጿ ተናገረች።

«ቴሌቪዥኑ የኔ ነው። ወላሂ የኔ ነው! ምንጣፉም የኔ ነው። ሦስት ቀን ሙሉ ባሌ ኳስ ሳያይ ፊቱ እንደ ሎሚ ሆኖ ነው የከረመው!»

አዳራሹ ሳቀ። ሐምዛ አንገቱን እያከከ ቆመ።

«መጋረጃውም… የእሳቸው አይደለም። የኔም አይደለም እንዲያውም። የደንበኛ ነው። ጥር ላይ ለምታገባ ልጅ የሰፋሁት ነው፤ መሰቀሉን ብታውቅ አትለቀኝም።»

«ብርጭቆዎቹ የአፎቻችን ናቸው» አለች ከኋላ አንዲት ሴት። «አንዱ ተሰንጥቆ ነው የተመለሰው!»

«እሱን የሰነጠቀችው መዝጋቢዋ ናት!» አሉ እማማ ጽጌ። «እንግዳ ስለሆነች ነው ዝም ያልኩት!»

ሣራ ፊቷን በታብሌቷ ሸፈነች። ከዚያ በኋላ ሳቁን ማን ያስቁመው። አቶ እንደሻውም መነጽራቸውን ከግንባራቸው አውርደው ዓይናቸውን ጠረጉ።

«ቀለሙስ?» አሉ በመጨረሻ። «ቀለም አይዋሱትም።»

«ቀለሙን የቀባሁት እኔ ነኝ» አልኩ።

«ስለዚሁ ጉዳይ ተምረሽ የመጣሽው አንቺ?»

«አዎ። እኔው ነኝ።»

አቶ እንደሻው ለአፍታ አዩኝ። ሳቅ ያለበት ነገር ሊሉ ነው ብዬ ጠበቅሁ። እሳቸው ግን ወረቀታቸውን ሰበሰቡ። «ቤቱን አሁኑኑ እናየዋለን። ሁላችሁም እዚሁ ቆዩ፤ ቀድሞ የሚሮጥ እንዳይኖር። በተለይ አንተ፣ ሐምዛ!»

ከአቶ እንደሻው፣ ከሣራና ከአንድ ሌላ የኮሚቴ አባል ጋር በቀጭኑ መንገድ ወረድን። እማማ ጽጌ ክንዴን ይዘው በሹክሹክታ «አልጠረግሁትም እኮ፣ ጠዋት አልጠረግሁትም» ይሉኝ ነበር። በሩን ስንከፍት አረንጓዴው ግድግዳ ባዶውን ቆሞ ነበር። አንድ አልጋ፣ አንድ ዱካ፣ የተሸፈነ የስፌት መኪና፣ ጥግ ላይ ሁለት ድስት። ዕቃው ሲወጣ ቤቱ ይህን ያህል ሰፊ መሆኑን እኔም ያን ቀን ነው ያየሁት።

አቶ እንደሻው ዱካው ላይ አልተቀመጡም፤ ለእማማ ጽጌ ተዉላቸው። ሣራ በሩ ላይ ቆማ በጣቷ የጻፈችውን በጣቷ አጠፋች። ቴሌቪዥን፣ የለም። ምንጣፍ፣ የለም። ግድግዳው ጋ ስትደርስ ቀና ብላ አየችኝና «ታድሷል» የሚለውን ተወችው፤ እውነት ነበራ።

«አሁን ምን አቀርብላችኋለሁ?» አሉ እማማ ጽጌ።

«ውሃ ይበቃናል እማማ» አለች ሣራ፤ ራሷ ቀድታ ጠጣች። ከዚያም ዝቅ ብላ «ያን ቀን መጠየቅ ነበረብኝ። ሐላዋው ጣፈጠኝና ዝም ብዬ ሞላሁት» አለቻቸው።

ውሳኔው ስምንት ቀን ፈጀ። በእነዚያ ስምንት ቀናት ዋርሶ ካለ አንድ መሥሪያ ቤት የሥራ ደብዳቤ መጣልኝ። መልስ ሳልሰጥ በየጠዋቱ ወደ ቀበሌው በር እሄድ ነበር። ዘጠነኛው ቀን ረቡዕ ነበር፤ እማማ ጽጌ አብሬሽ ካልሄድኩ አሉ።

የታረመው ዝርዝር ተለጥፏል። ከታች ሦስተኛው ላይ ስማቸው አለ። ጎኑ ላይ «ቋሚ ቀጥታ ድጋፍ፣ የጤና መድን» ይላል። ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው። መልሼ እንዳነብ ጠየቁኝ፤ መልሼ አነበብኩ። ዓይናቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ።

«ሌሎቹንም አንብቢልኝ» አሉ።

አነበብኩ። በየስሙ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፤ «ጎሽ»፣ «ይገባዋል»፣ «እሷማ ምስኪን» ይላሉ። ሲያልቅ ቅንድባቸው ተሰበሰበ።

«ብርቱካንን አላልሽም።»

«የትኛዋ ብርቱካን?»

«ከቀበሌው በር ወዲያ ያለችው፣ እግሯን የሚያማት። መዝጋቢዎቹ እሷም ቤት ገብተው ነበር። ያን ሐሙስ ከእህቷ ልጅ ሶፋ ተውሳ እንዳስመጣች ሰምቻለሁ።»

እንደገና ከላይ እስከ ታች አየሁ። «የለችም።»

«ቅሬታ የሚቀበሉት እስከ መቼ ነው?»

ከዝርዝሩ ግርጌ በትንንሽ ፊደል ተጽፏል። «እስከ ዓርብ።»

«ዛሬ ረቡዕ አይደል?»

«ነው።»

ክንዴን ለቀው፣ ግንቡን በእጃቸው እየዳሰሱ መንገድ ጀመሩ። ሁለት እርምጃ ሄደው ዞሩ።

«ታዲያ ቆመሽ ምን ትጠብቂያለሽ?» አሉኝ።