ምንጭ የሌለው ስም

መቀስ የሰውየውን ስም አራት ጊዜ ሰረዘችው። አራተኛውን ስትሰርዝ ሰውየው ከተቀበረ ሦስት ቀን አልፎት ነበር።

መቀስ ብለው ስም ያወጡላት የአንድ የኢንተርኔት መዝገበ ዕውቀት በጎ ፈቃደኛ አርታኢዎች፣ ባልደረቦቿ ናቸው። ማስረጃ የሌለው ዓረፍተ ነገር ካየች እጇ አያርፍም። ድርሻዋ የድሮ ኮምፒውተሮችና ጨዋታዎች ነው። ከገጾቹ አንዱ «የዋሻው ዘንዶ» ስለሚባል፣ በቴፕ ካሴት ይሸጥ ስለነበረ የኮምፒውተር ጨዋታ ያወራል። ካርቶኑ ላይ የአሳታሚው ድርጅት ስም እንጂ የሠራው ሰው ስም የለም። «ሽቦ» የሚባል ተጠቃሚ ግን እየመጣ የአንድ ሰው ስም ያስገባል።

«ምንጭ ጥቀስ» ስትል ጻፈችለት።

«ምንጩ እኔ ነኝ፣ ልጄ። በእጄ የሠራሁት ነው።»

«አንተ ምንጭ አይደለህም። የታተመ ነገር አምጣ።»

የታተመ ነገር አልነበረውም። የድሮ ደብተሩን ፎቶ አንስቶ ላከ። አሁንም ሰረዘችው። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል ይባላል፤ የአርታኢዎቹ ደንብ ግን በእጅ የተጻፈውን ከቃል አይለየውም።

ከአራተኛው ስረዛ ማግስት ዳኛው ደወለ። ዳኛው የሚሉት፣ በአርታኢዎቹ መካከል ክርክር ሲከር የሚገላግላቸው ጡረተኛ የሒሳብ መምህር ነው።

«መቀስ፣ እልል በይ! ለዘንዶሽ ምንጭ ተገኘለት። ጋዜጣ ላይ ወጥቷል።»

«የትኛው ገጽ ላይ?»

«የሐዘን መግለጫው ላይ።»

ጋዜጣውን ፈልጋ ገዛች።

ከማስታወቂያው ሥር ስልክ ነበር። ደውላ ማንነቷን ተናገረች፣ አድራሻውን ጠይቃ ሄደች። በሩን የከፈተችው የሟች ልጅ ናት፤ የነርስ ጋውኗን እንኳ አላወለቀችም።

«ሰራዧ አንቺ ነሽ? ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ አሉ። ግቢ።»

ክፍሉ ጠባብ ነው። ጠረጴዛው ላይ ሁለት ቁልፍ የወለቀበት አሮጌ ኮምፒውተር፣ አንድ ቴፕ፣ ካሴቱን የሚያጠነጥንበት እርሳስ፣ ከጎናቸው ደግሞ አዲስ ላፕቶፕ አለ። ነርሷ ደብተሩን ጉልበቷ ላይ አኖረችላት። የዋሻው ክፍሎች አንድ በአንድ፣ በጥቃቅን አራት ማዕዘኖች፣ ተሰርዘው ተደልዘው ተስለዋል።

«አራተኛውን ያስገባሁት እኔ ነኝ» አለች ነርሷ። «አደራ ስላለኝ። እሱማ አልተቀየመሽም። ‹ልጅቷ እውነቷን ነው፣ ደንብ ነው› ይል ነበር። ‹አንተ› ስላልሽውማ ሲስቅ ዋለ፤ ‹ጎረምሳ መሰልኳት› እያለ።»

መቀስ ቀና ማለት አቃታት። «ጋዜጣው ላይ ያለውን ማን ጻፈው?»

«እኔ ነኛ! እሱ የነገረኝን።»

ጋዜጣው ሽቦ ካለው የጨመረው አንዳች ነገር የለም። ያው ቃል ነው፤ ታተመ እንጂ። መቀስ ላፕቶፑን ከፈተች። ገጹ በሽቦ ስም እንደተከፈተ ነው። ዘግታ በራሷ ስም ገባችና የሰውየውን ስም ጻፈች፤ ከሥሩም ጋዜጣውንና ቀኑን።

«አሁን ማንም አይሰርዘውም?»

«አይሰርዘውም። ምንጭ አለው።»

ነርሷ ስክሪኑ ላይ ያለውን የአባቷን ስም ትንሽ አየችው።

«ለካ የጎደለው መሞቱ ነበር» አለች።

ደብተሩን ከመቀስ ጉልበት ላይ አንስታ ደረቷ ላይ አቅፋ ከክፍሉ ወጣች። በሩን ከኋላዋ ዘጋችው።