የአርቡ ታሪክ መጨረሻ

ሉሊ ወረቀቱን ደግማ አነበበችው። ከትምህርት ቤቱ ሚኒሚዲያ ክፍል ውጭ ተማሪው ድምፅ ማጉያው ሥር ተኮልኩሎ የታሪኳን መጨረሻ ይጠብቃል።

"ቲቸር፣ ይሄ የኔ አይደለም።"

"ያንቺው ነው። ትንሽ አስተካከልኩት እንጂ" አሉ የክበቡ ኃላፊ መምህር አስመላሽ። "ቶሎ በይ፣ ዕረፍቱ ሊያልቅ ነው።"

ትንሽ ይሉታል። ሉሊ በየአርቡ ለተማሪዎቹ ስታነብላቸው የከረመችው አስፈሪ ታሪክ ነው። ካዛንችስ የፈረሰ አንድ ቤት ሌሊት ሌሊት እየተመለሰ፣ በቦታው የተሠራውን ሆቴል በር ያንኳኳል፤ ዘበኛውንም መሬቴን መልስልኝ ይለዋል። በመጨረሻ ሰምሃል የምትባል ልጅ እዚያ ቤት ገብታ በሩን ከውስጥ ትቀረቅራለች፤ አትወጣም። ሉሊ የጻፈችው ይህንን ነበር። መምህሩ ግን ልጅቷን በሩ ላይ እንደደረሰች ከእንቅልፏ አባነኗት። ለካ ሁሉም ሕልም ኖሯል። ከዚያ የኮንዶሚኒየሟን መስኮት ትከፍትና ንጹህ አየር እየሳበች ልማቱን ታመሰግናለች።

ሉሊ ደሟ ፈላ። ካዛንችስ የነበረው የእነሱ ቤት ባለፈው ክረምት ሲፈርስ ሕልም አልነበረም። አብረዋቸው የኖሩት ጎረቤቶች የት የት እንደገቡ እንኳ አታውቅም። አሁን ከከተማው ዳር ተነስታ፣ ታክሲ ቀያይራ ስታዲየም ትወርድና ቀሪውን በእግሯ ትመጣለች። እናቷ ትምህርት ቤት ቀይሪ ብትላት እምቢ ያለችው ለዚሁ ታሪክ ስትል ነበር።

"ሕልም ነው ካልን እኮ ይሄን ሁሉ ጊዜ በልጆቹ ስናሾፍባቸው ነበር ማለት ነው።"

"ልቦለድ መልእክት ያስፈልገዋል። ደግሞ ሆቴሉን ምን አመጣው? ቤተሰቦችሽ ቤት ተሰጥቷቸው የለ እንዴ?"

"ተሰጥቷቸዋል።"

"ታዲያ ምን ጎደለሽ?" መምህሩ በሩን ገርበብ አድርገው ድምፃቸውን ቀነሱ። "ስሚ ልጄ፣ ነገ ተጠያቂው እኔ ነኝ። ይሄን ካላነበብሽ ክበቡን እዘጋዋለሁ።"

ማጉያውን የምትቆጣጠረው ጓደኛዋ ኢፍቱ ደነገጠች። ከቤት ውስጥ ሥራና ከወንድሞቿ ጫጫታ የምታርፈው እዚህች ክፍል ውስጥ ብቻ ነው።

"በቃ አንብቢው ሉሊዬ። ማለቴ፣ ያንቺ እንዳልሆነ ልጆቹም ይገባቸዋል።"

"በምን ይገባቸዋል? የሚጠራው የኔ ስም ነው።"

ኢፍቱ ማጉያውን ከፈተችው። ሉሊ ማይኩ ፊት ተቀምጣ ማንበብ ጀመረች። ግቢው ጸጥ አለ። ሰምሃል በጨለማው ውስጥ እየተራመደች ከበሩ ደረሰች፣ እጀታውን ያዘች። የመምህሩ ዓረፍተ ነገር የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ሉሊ አቆመች።

"እስከዚህ የጻፍኩት እኔ ነኝ" አለች ረጋ ብላ። "ቀሪውን የጻፉት ቲቸር አስመላሽ ናቸው። እሳቸው ያንብቡላችሁ።"

ተነስታ ወረቀቱንና ማይኩን አቀበለቻቸው። ሳያስቡት ተቀበሏት። ወዲያው በዓይናቸው ኢፍቱን ዝጊው፣ ዝጊው አሏት።

ኢፍቱ ማጥፊያው ላይ የነበረውን ጣቷን አነሳች። ሁለት እጇን ጉያዋ ውስጥ ከታ መሬት መሬት ታይ ጀመር።

መምህር አስመላሽ ጉሮሯቸውን ሲጠርጉ ግቢው በሙሉ ሰማ።