የእንግዳ ወንበር

«ተይ እንጂ! አንቺ ደግሞ ምን ሁኚ ተብለሽ ነው?» አሉ ከቤተ ክርስቲያን ሊያግዙ የመጡት ሴትዮ፣ ቢላዋውን ከሮዊና እጅ ቀስ ብለው እየወሰዱ። «እጅሽን ትቆረጪና ደግሞ! ሂጂ፣ ወንበርሽ ላይ ቁጭ በይ። ሻይ ይመጣልሻል።»

ሮዊና እስከ ግማሽ የላጠችውን ጎደሬ ባልዲው ውስጥ ጣል አድርጋ ከጋራዡ ወጣች። ከኋላዋ የባሏ የኢኖኬ እህቶች፣ ከወገባቸው እስከ ቁርጭምጭሚታቸው የተቀዳደደ ሰሌን እንደታጠቁ፣ የበግ ሥጋ ይቆራርጣሉ፤ ያለቅሳሉ፤ አንዳንዴም ይስቃሉ። ጋራዡ የሷ ነው። ድስቶቹም የሷ ናቸው። ግን እንደ ዶሮ እሽ ተባለች።

ወንበሯ ሳሎኑ ጥግ ላይ ናት፤ ከሬሳ ሣጥኑ ትይዩ። ሌላው ለቀስተኛ ሁሉ መሬት ላይ በተነጠፈው ፍራሽና ሰሌን ላይ ተቀምጧል። ወንበር የተሰጠው ለሷ፣ ለሠፈሩ ፖስተኛና ከኢኖኬ መሥሪያ ቤት ለመጣው አለቃ ብቻ ነበር። ፖስተኛውና አለቃው ሻያቸውን ጠጥተው፣ አጽናንተው ሄዱ። እሷ ወዴት ትሂድ?

ማሞቂያው ከተዘጋ ሁለተኛ ቀኑ ነው። ሬሳ ባለበት ክፍል ሙቀት አይገባም፤ የደቡቧ ከተማ የኦማሩ የሐምሌ ብርድ ደግሞ ማንንም አይምርም። ሰዉ ሲዘምር ትንፋሹ ነጭ ሆኖ ይወጣል። እንቅልፍ በዓይኗ አልዞረምና ሮዊና ዝማሬው ራሱ ጉም ሆኖ ከጣሪያው ሥር የሚንሳፈፍ መሰላት። ጉሙ ቀስ ብሎ ይወርድና የሣጥኑን ጠርዝ ይነካል፤ ተመልሶ ይወጣል። ከጉሙ ሥር፣ በተከፈተው ሣጥን ውስጥ፣ የባሏ አባት፣ አባባ ኪቲዮኔ፣ ዓይናቸውን ጨፍነው የሚያዳምጡ ይመስላሉ።

«ሰሌን ስጡኝ» ማለት ትችል ነበር። ከኢኖኬ ጋር አሥራ አንድ ዓመት ስትኖር የደሴት አገሩን የቶንጋን ቋንቋ ለምዳለች፤ ወጉንም ታውቃለች። የሟች ልጅና የልጅ ሚስት ያን ሰፊ የተቀዳደደ ሰሌን ይታጠቃሉ፤ ጓዳ ይገባሉ፤ ከሰው ሁሉ በታች ይሆናሉ። እንግዳ ነው ንጹሕ ልብሱን እንደለበሰ ወንበር ላይ ተቀምጦ የሚጋበዝ። ሰሌኑ ግን በሰው እጅ ይሰጣል እንጂ ከጥግ አንስተው አይታጠቁትም፤ ለሷ ደግሞ የሰጣት የለም። «ነጭ ስለሆንኩ፣ አዝነውልኝ ይሆናል» ብላ ልቧን ልታሳምን ሞከረች። ልቧ እሺ አላለም። «የገደልሻቸው አንቺ ነሽ» ይላታል፤ «እነሱም ያውቃሉ።»

አማቶቿ ከቶንጋ የመጡት ትምህርት ቤት በተዘጋ ማግስት ነው። ሮዊና አስተማሪ ናት፤ ኢኖኬም የክረምቱን ሁለት ሳምንት ከወላጆቹ ጋር ለማሳለፍ ከቄራው ፈቃድ ወስዶ ነበር። አባባ ኪቲዮኔ ከአውሮፕላን የወረዱት በነጠላ ጫማ ነው። ሚስታቸው እማማ ሉፔ ሻንጣውን በስጦታ ሰሌን ስለሞሉት ለሹራብ ቦታ አልተረፈም።

«ይኼ አየር ምን ነካው? ተበላሽቷል እንዴ?» አሉ አባባ፣ ከአፋቸው የሚወጣውን ትንፋሽ እያዩ። «ሉፔ፣ እይኝማ! እንደ ማሰሮ እየጨስኩ ነው!»

«ዝጋዋ አፍህን፤ ከውስጥህ ያለችውን ሙቀት ጨርሰህ ልታወጣት ነው!» አሉ እማማ ሉፔ።

ኢኖኬ ኦክላንድ ወስዶ ከዘመድ ሊያገናኛቸው አስቦ ነበር። በረዶ ይዩ ያለችው ሮዊና ናት። «ዕድሜ ልካቸውን ባሕር ሲያዩ ለኖሩ ሰዎች ደግሞ የኦክላንድን ባሕር ልታሳይ?» ብላ ተከራክራ አሸነፈች። ናስቢ በምትባል የተራራ መንደር ውስጥ ትንሽ ቤት ተከራዩ።

ጥፋቱ የተፈጸመው እዚያ፣ በመጀመሪያው ማለዳ ነው። አባባ በረንዳው ላይ ቆመው፣ ጆሯቸው በብርድ ቀልቶ፣ ነጩን ሜዳ ያያሉ። ሮዊና ከኋላቸው መጣችና የራሷን የሱፍ ኮፍያ አጠለቀችላቸው፤ ለትንንሽ ተማሪዎቿ እንደምታደርገው በሁለት እጇ እስከ ጆሯቸው ሳበችው።

እማማ ሉፔ ያነሱት ሲኒ አፋቸው ሳይደርስ ቆመ። «ሮዊ!» አለ ኢኖኬ፣ ድምፁ ሰልሎ። ልጅ የአባቱን ራስ አይነካም። ኢኖኬ አርባ ዓመት ሲሞላው አንዲት ቀን ነክቶ አያውቅም። ሮዊናም ይህን ታውቃለች። ብርዱ ነው ያስረሳት።

አባባ ቀስ ብለው ዞሩ። ፊታቸው ላይ ቁጣም ሳቅም አልነበረም። «ይሞቃል» አሉ። ኮፍያውንም ከጸሎት ሰዓት በቀር አላወለቁትም።

ከዚያ ወዲያ ሁሌ ማለዳ፣ ሌሎቹ ሳይነሱ፣ ሁለቱ መስኮቱ ሥር ቁጭ ብለው ሻይ ይጠጡ ነበር። «ድምፅ የለውም አይደል?» አሏት አንድ ቀን፣ በረዶው እየወረደ። «ባሕር ሁሌ ያወራል። እኔም ስጮህበት ኖርኩ፤ አንድ ቀን እንኳ ሰምቶኝ አያውቅም። ይኼ ግን የሚያዳምጥ ይመስላል።» ሮዊና ሻይ ጨመረችላቸው። አባቷን በሕፃንነቷ ያጣች ሴት ናት፤ እነዚያን ማለዳዎች ከማንም ጋር መካፈል አልፈለገችም ነበር።

በአምስተኛው ማለዳ መስኮቱ ሥር አላገኘቻቸውም። ውጭ፣ ጥዱ ሥር ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው አየቻቸው። ሻይ ይዛላቸው ወጣች፤ ጠራቻቸው፤ ትከሻቸውን ነካች። በረዶው ጉልበታቸው ላይ ሳይቀልጥ ተከምሯል። ሐኪሙ «ልባቸው ከታመመ ቆይቷል፤ የትም ቢሆኑ አይቀርላቸውም ነበር» አለ። እሷ ግን ራሷን ይቅር የምትልበት አቅም አልነበራትም።

«ኢኖኬ» አለች አሁን ከወንበሯ ሆና፣ ባሏ ማገዶ ተሸክሞ በሳሎኑ መስኮት ሥር ሲያልፍ። «እኔስ?»

«እንዴ፣ አንቺ ምን?»

«ምን ልሥራ?»

«ዕረፊ በቃ። ከቅዳሜ ወዲህ መች ተኛሽ? አክስቴ ነገ ይደርሳሉ፤ ያኔ እሳቸው ያዙናል።» ዓይኑ ደም ለብሷል። እሱም የራሱን ሐዘን ተሸክሟልና ተጨማሪ ልታሸክመው አልፈለገችም።

የሟች እህት፣ ወይዘሮ ፉሲ፣ በማግስቱ ደረሱ። ለቅሶ ቤት የሳቸው ቃል ሕግ ነው። ቁመታቸው አጭር፣ የተዋሱት የወንድ ካፖርት መሬት ሊጠርግ ምንም ያልቀረው ሴትዮ ናቸው። ከወንድማቸው ራስጌ ተቀመጡ፤ አላለቀሱም። ሬሳው ወደ አገሩ ይመለስ ወይስ ይቅር ተብሎ ሲጠየቁ ሣጥኑን ረጅም ጊዜ አዩት።

«ይኼን ሁሉ ባሕር ተሻግሮ የመጣው ይኼን ነጭ ነገር ሊያይ ነው። ገና አልጠገበውም። እዚሁ ይቅር» አሉ።

ረቡዕ ዕለት ከኮረብታው መቃብር ቀበሯቸው። በአንድ በኩል ባሕሩ፣ በሌላው በኩል ሩቅ ያለው ነጭ ተራራ ይታያል። ከቀብር መልስ ሳሎኑ ሣጥኑ ባይኖርበትም ያው እንደቀዘቀዘ ነበር። ወይዘሮ ፉሲ ሰሌኑ ላይ ተቀምጠው መቀስ አስመጡ። የሟች ልጆች ፀጉር በሟች እህት እጅ ይቆረጣል። የኢኖኬ እህቶች ተራ በተራ ተንበረከኩ፤ አክስታቸው ጣት የምታህል፣ ጣት የምታህል እየቆረጡ አሰናበቷቸው። ሮዊና ወንበሯ ላይ ሆና ቀዝቃዛ ሻይ ይዛለች።

«ያቺ ወንበር ላይ ያለችውስ?»

«የኢኖኬ ሚስት ናት እኮ» አለ አንድ ሰው።

«ሚስቱ መሆኗ ጠፍቶኝ ነው? ሠርጓ ላይ በልቼ ጠጥቻለሁ። ወንበር ላይ ምን ትሠራለች ነው የምለው!»

«ደክሟት ነው ብለን… ደግሞ እሷ አልለመደችውም ብለን…» አሉ የቤተ ክርስቲያኗ ሴትዮ።

ሮዊና ተነሳች። «አክስቴ፣ ጥፋት አለብኝ። አባባን ወደ ብርዱ የወሰድኳቸው እኔ ነኝ። ደግሞም… ራሳቸውን ነክቻለሁ።»

እማማ ሉፔ አንገታቸውን ደፉ።

«ሰምቻለሁ» አሉ ወይዘሮ ፉሲ። «እሱው ራሱ ደውሎ ነግሮኛል። “ልጄ ራሴን ነካች፤ ምን ላድርጋት?” አለኝ። “ቅጣት!” አልኩት። “አንቺ ስትመጪ ቅጫት፤ እኔ አንጀቴ አይችልም” አለኝ።» መቀሱን ጭናቸው ላይ አኖሩት። «ብርዱንም ቢሆን ወዶ ነው የሄደበት፤ እሱን ጎትቶ የሚወስደው ሰው አልተፈጠረም። ራሱን ግን፣ እንግዳ ቢነካው ኖሮ ዝም ይባል ነበር፤ እንግዳ ምን ያውቃል? አንቺ ግን ልጁ ነሽ። ነይ፣ ወዲህ ነይ!»

ኢኖኬ የገዛ ሰሌኑን ፈትቶ ወገቧ ላይ ጠመጠመላት። ይከብዳል፤ ይቧጥጣል፤ ጭስ ጭስ ይላል። ሮዊና እንባዋ ያለከልካይ እየወረደ ተንበረከከች፤ ፀጉሯን ፈታች። ወይዘሮ ፉሲ ፀጉሯን በእፍኛቸው ሰብስበው ለኩ፤ ከሌሎቹ ይልቅ ከፍ አድርገው፣ ስንዝር ያህል ላይ ያዙ። ቅጣት ነዋ።

መቀሱ አንዴ «ቀጭ» አለና ቆመ።

ሮዊና ጠበቀች። ከኋላዋ፣ ከመጡ ጀምሮ አንዲት እንባ ያላፈሰሱት ሴትዮ ትንፋሻቸው ቁርጥ ቁርጥ ይላል።

«ብርዱ ነው» አሉ፣ ድምፃቸው ተሰብሮ። «ጣቶቼ እምቢ አሉኝ።»

ሮዊና ዞረች። የአሮጊቷን እጅ ከነመቀሱ በሁለት መዳፏ ይዛ ወደ አፏ አስጠጋችው፤ ጣቶቹ እስኪታዘዙ ድረስ ደጋግማ ተነፈሰችበት። ከዚያ ፊቷን መልሳ አንገቷን ደፋች።